የሁዳዴዋ ጥንብ አንሳ

ደብረ ታቦር
እሁድ፣ መጋቢት 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሰረት ደሳለው
አሶሳ

የኔ ልጅ መሰረት፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ከወገቧ በቀር ደህና ናት፤ እኔም ከስሜ በቀር ደህና ነኝ።

ሐሙስ ለት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽው ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሳሽም። አልቀየምኩሽም። "አባየ፣ በሠርጌ ዋዜማ ሰው ፊት አዋረድከኝ" ያልሽኝ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ስልክ መሃል ላይ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ግን ብትቀጅው እንኳ አንብበሽ ነው የምትቀጅው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሐሳብ የሆነብኝን ልጠይቅ። አንደኛ፣ አጎበር ውስጥ ነው ወይ የምትተኚው? የዚያ አገር ወባ ክፉ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የቤትሽ ጣሪያ ተሠራ ወይ? ሦስተኛ፣ እህል ቀምሰሻል ወይ? ስታለቅሺ እህል እንደማትነኪ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ። ብይ። ለኔ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ብይ።

አሁን ወደ ነገሩ። በቁጥር ስጽፍ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፤ ሳቂ። ከአማቶችሽ አገር ከገሳይ የሰማሽው ሦስት ነገር ነው። አባትሽ በሁዳዴ ስጋ በላ። ቤቱ ውስጥ ጥንብ አንሳ አስቀመጠ። አማትሽ የሚሆኑትን አቶ ፋንታውን በሽማግሌ ፊት ስማቸውን አጠፋ። የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው እውነት ነው። ሦስተኛውን ይህን አንብበሽ አንቺው ፍረጂ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። የካቲት 6 ቀን ጠዋት አቶ ፋንታው እኔ ወደምጠብቀው የእርሻ መድኃኒት መጋዘን ድረስ መጡ። ጅብ በቅሏቸውን ገድሎባቸው ነበር፤ ያቺን እጮኛሽ ሰውነት ለሠርጉ የሚቀመጥባትን፣ ዓመቱን ሙሉ የተቀለበችውን። ጅቡ ለተረፈው ስጋ ተመልሶ ስለሚመጣ የተባይ መድኃኒት ስጡኝ አሉ። ክልክል መሆኑን እሳቸውም አላጡትም፣ እኔም አላጣሁትም። የመጋዘኑን ደንብ ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አራተኛው መስመር "ለአውሬ ማጥፊያ አይሰጥም" ይላል። ቁልፉን ከያዝኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንዲት ጠርሙስ ያለ ወረቀት ወጥታ አታውቅም።

ያን ለት ግን ወጣች። በጋቢያቸው ውስጥ ይዘዋት ሄዱ። ለምን ሰጠህ ብትይኝ መልሱ አጭር ነው፤ ልጄ በዚያ ቤት እንድትወደድ ፈለግሁ። በአንቺ ማላከኬ አይደለም። እጁ የኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ገሳይ ሄድኩ። ጾሙ ሳይገባ ስለነበር ጥሩ አድርገው አበሉን። ሚያዝያ 19 ይሁን ተባለ፣ ተመራረቅን። ሁሉ ሲጫወት እኔ ጠርሙሱ ትዝ ብሎኝ ከቤቱ ጀርባ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣሁ። አንድም ጅብ አልሞተም። በበቅሏ ዙሪያ ክንፋቸውን እንደ ተሰጣ ልብስ ዘርግተው የወደቁት ጥንብ አንሶች ናቸው። ሳልቆጥር እንደማልመለስ ታውቂኛለሽ። አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አምስተኛዋ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንፏቀቀች ነበር፤ አፏ አረፋ ይዟል፣ አንዱ ክንፏ ይጎተታል። አየችኝ። ሌላ ነገር አልጨምርም፣ አየችኝ ብቻ።

በጋቢዬ ጠቅልዬ በማዳበሪያ ጆንያ ከተትኳት፤ ራሷን ብቻ ወደ ውጭ ተውኩላት። ለነ ፋንታው ምንም ሳልል ወደ መንገድ ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ምንድን ነው የያዝከው ቢለኝ ደንግጬ ዶሮ ነው አልኩት። አንገቷን አየና "ይቺን የምታህል ዶሮ ከተገኘማ እኔም ገሳይ ነው የማገባ" አለኝ። መኪናው ሁሉ ሳቀብኝ። ሽታዋ ሲወጣ ግን ሳቁ ቆመና ከኋላ ወንበር ብቻዬን ተቀመጥኩ።

በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ እመቤት ወሰድኳት። ልጅቷ ካንቺ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። እስካሁን ለጥንብ አንሳ መርፌ ወግቼ አላውቅም ብላ ስቃ ወጋቻት፤ መርዙን የሚሰብር ነው። ክንፏን ከገላዋ ጋር በፋሻ ጠመጠመችው። ያዘዘችኝን በደብተር ጻፍኩ። ጨለማ ቤት ትቀመጥ። ውኃ አይጓደልባት። ስጋው ቆዳና አጥንት ይኑረው፣ ያለዚያ ክንፏ አይጠናም። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ፋሻው ይፈታና በየሁለት ቀኑ ክንፏ በቀስታ እየተዘረጋ ይታጠፍ፤ ያኔ እንዳትደነግጥ ራሷ በካልሲ ይሸፈን። ከሁሉ በላይ ደግሞ አታዋሯት አለች፤ ሰው ከለመደች ሜዳ ስትወጣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ታምንና ትሞታለች። እኔ ደግሞ ሥራ ስሠራ ብቻዬን የማወራ ሰው ነኝ። እናትሽ "ሃያ ስድስት ዓመት ዝም በል ብዬህ ያልሰማኸኝን ለአሞራ ሰማህ" ትለኛለች። ካልሲውን ካወቅሽው አትቆጪ፤ የአሥረኛ ክፍልሽ ነው።

የማገዶ ቤቱን አጽድቼ እዚያ አስገባኋት። በስምንተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ሁሉን አስቤ ይህን አላሰብኩም። ስጋ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። በዚህ ከተማ ከቅበላ እስከ ፋሲካ አንድ ክርስቲያን ቢላዋ እንደማይስል ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ግን ጆንያ ተሸክሜ ስመጣ ትዝ አላለኝም። አምስት ቀን የሞተ ዶሮ፣ የታመመ በግ እየተባለ ከሰፈር ለቃቀምኩ። ከዚያ አለቀ። እሷ ደግሞ ማገገም ስትጀምር ረኃቧ ባሰ፤ በሩን በምንቃሯ ትደበድበዋለች።

ሄድኩ። ወደ ሰይድ ስጋ ቤት ሄድኩ። እሱ ሙስሊም ስለሆነ አይዘጋም። በሩ ላይ ቆሜ ግራ ቀኝ ስገላመጥ አየኝና "ግቡ ጋሼ ደሳለው፣ የሚያዩዎት አይተዋል" አለኝ። ነገሩን ነገርኩት። አልሳቀም። አባቱ ጥንብ አንሳ የበረረበትን ሰማይ አይቶ የጠፋ ከብት ያገኝ እንደነበር አጫወተኝና ሳንባውን፣ ቆዳውን፣ የጎን አጥንቱን በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ ይምጡ አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጎድሎበት አያውቅም።

የሚያየውማ አየ። ብዙነሽ፣ የጎረቤታችን ብዙነሽ፣ በሁለተኛው ማክሰኞ ላስቲኩን ይዤ ስወጣ ተገጣጠምን። ሰላም አለችኝ፣ ላስቲኩን አየች፣ ዝም አለች። ብዙነሽ ዝም ስትል ነው መፍራት። እሁድ ከቅዳሴ ሳንወጣ ወሬው ቀድሞን ወጥቷል። መጀመሪያ ደሳለው ጾም ገደፈ ነው። ቀጥሎ የሙስሊም ስጋ በላ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ። በሳምንቱ የአህያ ስጋ ሆነ። ቡና ቤት በር ላይ ሳልፍ አንዱ እንደ አህያ አናፋብኝ። ዞር ብዬ "ዘመድህን ፈልግ፣ እኔ አይደለሁም" አልኩት። እኔ እንዲህ ያለ መልስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ወሬው ገሳይ ደረሰና መጋቢት 20 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አቶ ፋንታው ራሳቸው፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ምስጋናም ተጠርተው መጡ። እናትሽ አስቀመጠቻቸው። መጀመሪያ አሞራዋን እንይ አሉ። አትክፈቱ፣ ስትደነግጥ ደስ አይልም ብል ትልቁ ሽማግሌ ገፋ አድርገው ከፈቱት። እሷም የጠዋት ሳንባዋን እንዳለ ጫማቸው ላይ አስታወከችው። ጥንብ አንሳ ሲፈራ እንዲህ ነው የሚያደርግ፣ ጥፋት የለባትም። እናትሽ ከጓዳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትስቅ ትከሻዋን አየሁት። ወሬው ከወጣ ወዲህ ዘግታኝ ነበር፤ ከዚያ ለት ጀምሮ እንደገና ታናግረኛለች።

ጫማው ታጥቦ ተቀመጥን። ቃላቸው አጭር ነበር። በሁዳዴ ስጋ አልበላሁም ብለህ መስቀል መትተህ ማል፤ አሞራዋን ከሆሳዕና በፊት ከቤትህ አውጣ፤ ሠርጉ እንደታሰበው ይሆናል። ቀላል ነው ልጄ። አልበላሁም፤ ብምል እውነት ነው። ምሎ መገላገል ነበር።

"እምላለሁ" አልኩ። መስቀሉን መታሁ፣ ማልኩ። ከዚያ አልተቀመጥኩም። "አሁን ደግሞ ሙሉውን ጠይቁኝ" አልኩ።

መምሬ "ሙሉው ምንድን ነው ደሳለው?" አሉኝ።

"ያልበላሁትን ስጋ ጠየቃችሁኝ። ያጠፋሁትን ማንም አልጠየቀኝም" ብዬ ነገርኳቸው። ጠርሙሱን፣ ያለ ወረቀት መውጣቱን፣ ለማን እንደሰጠሁት፣ አሥራ አራቱን። ስማቸውን ስጠራ አቶ ፋንታው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "እኔ ከዚህ ሰው መጋዘን አንዲት ጠብታ አልወሰድኩም" አሉ። በዝግታ ነው ያሉት፤ ባልሰጠኋቸው ኖሮ እኔም አምናቸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። ጾም ከመግደፍ ነጽቼ ውሸታም ሆንኩ፣ በአንድ ጊዜ። መምሬ ምስጋና ሊያበርዱት ፈልገው "ጾም ለገደፈ ቀኖና አለው፤ ለአሞራ ግን የሚሰጥ ቀኖና እኔ አላውቅም" አሉ።

"እንግዲያው መጽሐፉን አገላብጠው ይፈልጉልኝ መምሬ፤ ታጥቄ እጠብቅዎታለሁ" አልኳቸው። በዕድሜዬ ለቄስ እንዲህ መልሼ አላውቅም። እናትሽ ጓዳ ውስጥ መሳቋን አቆመች።

የሄዱት ይህን ብለው ነው፤ አቶ ፋንታውን ይቅርታ ካልጠየቅሁ፣ የተናገርኩትን ካልመለስኩ፣ አሞራዋንም ካላወጣሁ ድግሱ ገሳይ ብቻ ይሆናል፤ ሙሽራዋም የምትወጣው ካሶሳ ነው፣ ሙሽራው እኔ ደጅ አይመጣም። የሽማግሌው ነገር ለአንቺ ሲደርስ ግን አባትሽ ስም አጠፋ ብቻ ሆኖ ደረሰ።

እመቤትን ጠየቅኋት። አሁን ብትወጣ ስንት ቀን ትቆያለች ብላት "ውሻ እስኪያገኛት" አለችኝ። ክንፏ መዘርጋት ጀምሯል፤ ከግንዱ ላይ ወደ መሬት ትዘላለች፣ ወደ ላይ ግን ገና ነው። የሚያዝያ መጨረሻ ካልሆነ ጉና ተራራ ሥር ብለቃት አትነሳም። ሠርጉ ሚያዝያ 19 ነው። አሰብኩ፣ ቆጠርኩ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። አይገጥሙም።

ስልኩን ከዘጋሽብኝ በኋላ ግን ልቤ ተሸበረ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ትናንት ጠዋት ገሳይ የሄድኩት ልለምን ነው። ለብቻቸው አግኝቼ፣ ለሽማግሌው ባይሆን ለልጆቻችን እንኳ እውነቱን ይንገሩልኝ ልል። ቤታቸው ከመድረሴ በፊት እግሬ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደኝ። በቅሏ የለችም። ጅብ በልቷት ቢሆን አጥንት ይቀር ነበር፤ አጥንትም የለም፣ ላባም የለም። ያለው አዲስ አፈር ነው፤ የሁለት ሰው መቃብር የሚያህል፣ ድንጋይ ተጭኖበት በእሾህ የታጠረ።

አቶ ፋንታው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አካፋ ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ማለቱን ተዉት።

"ምን ታያለህ?"

"አፈር" አልኩ። "ፋንታው፣ እዚህ አገር ተወልጄ እዚህ አረጀሁ። በቅሎ ሲቀበር አይቼ አላውቅም። ከብት ሲሞት ወደ ገደል ጎትተን ለአሞራና ለጅብ እንተዋለን እንጂ ማን ይቀብራል?"

"ውሻ እንዳይበላት ብዬ ነው" አሉ። ውሻው ቢበላት ምን ይሆናል አላልኳቸውም። እሳቸው ግን እንዳልኩ ሁሉ ሰሙት። አካፋውን ተደግፈው "ከነዚያ ጋር ነው የቀበርኳት" አሉ። "አሥራ አራት ናቸው። ሰው እንዳያውቅብኝ ብቻዬን ነው የቆፈርኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።"

"ታዲያ በሽማግሌ ፊት ለምን ካድከኝ?"

"ልጄን ልድር ነዋ!"

"እኔስ?" አልኳቸው። "እኔ ምን ልድር መሰለህ?"

ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ተሳስቼ ነው በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ የአሞራዋን ወሬ እኔ ዝም አሰኝልሃለሁ፣ ልጆቹ ይጋቡ፣ እኛም እንታረቅ። አሞራዋን እንኳ ሰጡኝ ልጄ። ቃሌን ብቻ ነው የጠየቁኝ። ልለምን የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሲሉ ግን ልመናው ከአፌ ጠፋ።

"ልጆቹ ይጋቡ። እኔ ግን አልተሳሳትኩም አልል፣ ተሳስቻለሁ፤ የተሳሳትኩት ግን ጠርሙሱን ስሰጥህ እንጂ ስናገር አይደለም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ያለ አንተ ይደገሳል።"

"ይደገስ" ብዬ ተነሳሁ።

ያለቀው እንዲህ ነው። አሁን አንቺ እንድታውቂ የምፈልገውን ልጻፍ። ነገ ሰኞ ጠዋት ለመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀት አስገባለሁ፤ የካቲት 6 ቀን አንድ ጠርሙስ ያለ ደንብ ያወጣሁ እኔ ነኝ የሚል። ቁልፉን ከተቀበሉኝም ይቀበሉኝ። ወረቀቱ ላይ የአቶ ፋንታው ስም የለም፤ "ለአንድ ገበሬ" ነው ያልኩት። ለሽማግሌ የተናገርኩትን ግን አልመልስም። ለአንቺ ሁሉን የጻፍኩት በዚያ ቤት የምትገቢው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ሰውየውን እንድትጠያቸው ብዬ አይደለም፤ ለአሥራ አራት ጥንብ አንሳ ሦስት ቀን ብቻውን የሚቆፍር ሰው ክፉ ሰው አይደለም። የፈራ ሰው ነው። ፍርሃትን እኔ አውቀዋለሁ፣ አብሬው ነው ያረጀሁት። ሰውነትን ደግሞ ውደጅው፤ ልጁ በዚህ ውስጥ የለበትም፣ ለአባቱም ይህን አንብቢላቸው አላልኩሽም፣ አታንብቢላቸውም አላልኩሽ።

አሞራዋ አትወጣም። የሚያዝያ መጨረሻ ላይ እኔና እመቤት ጉና ሥር እንወስዳታለን፤ እስከዚያ ማክሰኞና ቅዳሜ ላስቲኬን ይዤ በዋናው መንገድ፣ በቡና ቤቱ በር፣ በብዙነሽ ደጅ አልፋለሁ። በጓሮ መሄዱን ትቼዋለሁ።

ነይልኝ ብዬ አልለምንሽም። ሳልጠራም ገሳይ አልሄድም። እንኳን ለሠርግሽ፣ ለቀብሬም ቢሆን ውሸት ተናግሬ ሰው አልሰበስብም። ዳሱን ግን በግቢያችን እተክላለሁ፤ ከማገዶ ቤቱ ራቅ አድርጌ፣ ሽታው በማይደርስበት በኩል። የቤቱን ግድግዳ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ትናንት ከገሳይ ስመለስ ደግሞ የውጭ በሩን የግራ ምሰሶ ነቅዬ አንድ ክንድ ተኩል ወደዚያ አሰፋሁት። እናትሽ ከሥራዋ ቀና ብላ ለምንድን ነው ብትለኝ ጠቦን ነበር አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ በር ስንገባ ስንወጣ አንድ ቀን ጠቦን አያውቅም። ለእግረኛማ ይበቃ ነበር፤ አበባ የታሰረበት መኪና ግን አያስገባም ነበር።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ቤት ያድርግልሽ። ከጎጆሽ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ያለ ይሁን። እውነት ስትናገሪ አጠገብሽ የሚቆም ሰው አያሳጣሽ። አጎበሩን አትርሺ።

አባትሽ ደሳለው